ኤረሪን ለማየት፦ ስለ ዌልስ ተራሮች፣ ግንቦችና አእዋፍ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው እትማችን በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ስለሚገኘው ስለ ግዊኔዝ አውራጃና አብዛኛው ክፍሉ በውስጡ ስላለው የኤረሪ ብሔራዊ ፓርክ ካርታና ፎቶግራፎች አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመሀል አዲስ አበባ ብቻ የደረሱን ጥያቄዎች ይህን ዓምድ ሞልተውታል። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወሩንና ሰዓቱን ግን ለአንባቢ እንዲቀል በእኛ ቆጥረናል። የቦታ ስሞችን የአገሬው ሰው እንደሚጠራቸው ጽፈናል፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የዌልስ ረጅሙ ተራራ 1,085 ሜትር ብቻ ነው ብላችኋል። አዲስ አበባ እኮ ከዚያ በእጥፍ ትበልጣለች። በየሳምንቱ እንጦጦን እወጣለሁ። ይህን ተራራ ሰው ለምን ይፈራዋል?

መልስ፦ እንጦጦን የለመደ ሳንባ በኧር ዊዝቫ ላይ አይቸገርም፤ እንግሊዞች ስኖዶን የሚሉት ተራራ ማለታችን ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኤረሪ ከምድር ወገብ 53 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ ባሕር አፍ ላይ ይገኛል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ውኃ ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ቀድሞ የሚጋጨው ከእነዚህ ተራሮች ጋር ነው። ከኧር ዊዝቫ ጫፍ ጎን ያለው ክሪብ ጎኽ የሚባለው ሸንተረር በዓመት ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድበታል። አዲስ አበባ የዚህን ሲሶ እንኳ አታገኝም።

በቁጥር እንየው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከሥር ላንቤሪስ መንደር 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ጫፉ ላይ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲታከልበት ቆዳ የሚሰማው 4 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ልብስ ከረጠበ ደግሞ የሰውነት ሙቀት ከደረቅ ልብስ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያልቃል። በበጋቸው ወር ጭምር ሰው በብርድ የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው። መነሻው ዝቅተኛ መሆኑም ይታሰብ፤ ከላንቤሪስ እስከ ጫፍ የሚወጣው 975 ሜትር ነው። ይህ ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ ጫፍ ካለው ከፍታ ይበልጣል።

ወደ ጫፉ የሚያወጡት ዋና መንገዶች 6 ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ የላንቤሪስን መንገድ እንመክራለን። ደርሶ መልሱ 14.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን 6 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ረጅም ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው። ከፔን ኧ ፓስ የሚነሳው የፒግ መንገድ መነሻው 359 ሜትር ላይ ስለሆነ አቀበቱ ያንሳል፤ ነገር ግን ድንጋያማ ነው፤ አንድ ስህተት የሚደጋገምበት ቦታም አለው። ቡልኽ ኧ ሞኽ በሚባለው የተራራ መሻገሪያ በር ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚሄደው ወደ ክሪብ ጎኽ ይወስዳል፤ እሱም ግራና ቀኙ ገደል የሆነ፣ በእጅ ጭምር እየተያዘ የሚታለፍ የቢላ ስለት የመሰለ ሸንተረር ነው። ከፊታቸው ያለውን ሰው ዝም ብለው ተከትለው እዚያ ላይ የሚቀሩ በርካቶች ናቸው። እዚያ በር ላይ ቆም ብለው ካርታውን ይመልከቱ።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ሌላ ነገር ይመጣል። የላንቤሪስ መንገድ ከላይኛው ክፍሉ ክሎግዊን ኮኽ የሚባል ስፍራ አለ። በረዶ ሲጠነክር መንገዱና ወደ ጫፉ የሚወጣው የባቡር ሐዲድ ተሸፍነው ለጥ ያለ ተዳፋት ይሆናሉ፤ ተዳፋቱ የሚያልቀው ገደል ላይ ነው። በቀላሉ የሚታለፍ መስሎ ስለሚታይ በተለይ ወራጆች ይንሸራተታሉ። የበረዶ መጥረቢያና የጫማ ጥርስ የሌለው፣ አጠቃቀማቸውንም ያልተማረ ሰው በዚያ ወቅት መውጣት የለበትም።

የቀኑም ርዝመት ከእኛ ይለያል። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው፤ በታኅሣሥ ግን ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። አደጋ ከደረሰብዎ 999 ደውለው መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ ነፍስ አድን ይጠይቁ። ነፍስ አድኖቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ክፍያ አይጠይቁም። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ፉጨት ይንፉ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይድገሙ።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ ለዚህ ጉዞ የዝናብ ጃኬት ከሳልባጅ ገበያ ብገዛ ይሆናል? ጋቢስ ልያዝ?

መልስ፦ ሳልባጅ ላይ ጥሩ የተራራ ጃኬት ይገኛል፤ ጉዳዩ ማረጋገጡ ላይ ነው። ጃኬቱን ይገልብጡትና ስፌቱን በውስጥ በኩል ይዩ። ውኃ የማያስገባ ጃኬት ስፌቱ ላይ ሁሉ ቀጭን ፕላስቲክ መሰል ቴፕ ተለጥፎበታል። ቴፑ በጥፍር ሲነካ የሚነሳ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ ውኃ በመርፌው ቀዳዳ ይገባል፤ ይተዉት። ቀጥሎ ትከሻውንና የኮፍያውን ውስጥ በሁለት ጣት ያሻሹ። ነጭ ዱቄት ወይም ቅርፊት ከረገፈ ውኃ የሚከለክለው ሽፋን አርጅቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ትከሻው ላይ ውኃ ጠብ ያድርጉበት። ጠብታው ተንከባሎ ከወረደ ጥሩ ነው። ጨርቁ ላይ ተንጣሎ ከጠቆረ፣ ግን ቴፑና ሽፋኑ ደህና ከሆኑ፣ ጃኬቱ ይድናል፤ ለዚሁ በተሠራ ማጠቢያና ውኃ መግፊያ ፈሳሽ ቢታጠብ ይመለሳል።

ጋቢ ለማረፊያ ቤት ይሁን። ጥጥ ነው፤ ውኃ ይጠጣል፤ ከጠጣ ደግሞ ከብዶ ያቀዘቅዛል። ጂንስ ሱሪም እንደዚያው። ከውስጥ ላብ የማይዝ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይም ሱፍ፣ ከላዩ ፍሊስ፣ ከዚያ ጃኬቱ። በሐምሌም ቢሆን ኮፍያና ጓንት ከቦርሳ አይለዩ።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ፣ የታሪክ ተማሪ)፦ የዌልስ ግንቦች ከጎንደር ግንቦች ጋር ይነጻጸራሉ? ጊዜ ቢያጥረኝ የትኞቹን ላስቀድም?

መልስ፦ ድንጋይና ማማ ስለሆኑ ብቻ ከሆነ ይመሳሰላሉ። የተሠሩበት ምክንያት ግን ፈጽሞ ይለያል፤ ግዊኔዝን የሚጎበኝ ሰው ይህን ሳያውቅ ባይሄድ እንወዳለን። ፋሲል ግቢ ነገሥታቱ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው መካከል የተቀመጡበት ቤተ መንግሥት ነው። ካይርናርቮን፣ ኮንዊ፣ ሃርሌኽና ቢዩማሪስ ደግሞ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ የዌልስን ሕዝብ ለመግዛት የተከላቸው ምሽጎች ናቸው። የዌልስ ልዑል ሌዌሊን አፕ ግሪፊዝ በዲሴምበር 1282 ተገደለ። በዓመቱ፣ በ1283፣ ሦስቱ ግንቦች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ።

ቦታ አመራረጡን ካርታ ላይ ያስተውሉ። አራቱም ውኃ ዳር ናቸው። ተራራው የዌልሶች ስለነበር ስንቅ በየብስ ማድረስ አስተማማኝ አልነበረም፤ በመርከብ ግን ይቻል ነበር። ሃርሌኽ ከቋጥኙ ጫፍ እስከ ታችኛው በር የሚወርድ የ108 ደረጃዎች መንገድ ያለው ለዚህ ነው። ዛሬ ባሕሩ ስለራቀ ደረጃው ሜዳ ላይ ያበቃል፤ ጎብኚው ለምን እንደተሠራ ግራ ይገባዋል። በ1294 ዌልሶች በማዶግ አፕ ሌዌሊን መሪነት ሲነሱ ግንባታው ያላለቀውን ካይርናርቮንን ይዘው አቃጠሉት፤ ሃርሌኽ ግን ከባሕር በመጣለት ስንቅ ተረፈ። ቢዩማሪስ የተጀመረው ከዚያ ዓመጽ በኋላ በ1295 ነው። የሁሉንም ሥራ የመራው ማስተር ጄምስ ኦቭ ሴንት ጆርጅ የተባለው የግንባታ ሊቅ ነበር፤ ከሳቮይ የመጣ ነው። በ1296 ገንዘቡ የት እንደገባ ሲያስረዳ 400 ግንበኞች፣ 2,000 የቀን ሠራተኞች፣ 200 ድንጋይ ፈላጮችና 30 አንጥረኞች እንዳሉት ጽፏል። ያም ሆኖ ገንዘቡ አለቀና ቢዩማሪስ ሳይጠናቀቅ ቀረ።

ቅርብ ብለው የሚያዩት አንድ ነገር እንጠቁም። የኮንዊና የሃርሌኽ ማማዎች ግድግዳ ላይ ከጡጫ ከፍ የሚሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ማማውን በተዳፋት እየዞሩ ሽቅብ ይወጣሉ። የመስኮት ወይም የመተኮሻ ቀዳዳዎች አይደሉም፤ የመወጣጫው እንጨት የተሰካባቸው ናቸው። እኛ አገር የሕንፃ ሥራ ላይ ባሕር ዛፉ የሚታሰረው ፎቅ በፎቅ፣ አግድም ነው። የማስተር ጄምስ ሰዎች ግን ማማውን የሚዞር ተዳፋት መንገድ እየሠሩ ነበር የሚወጡት፤ ድንጋይ ለመጎተት ይቀላልና። ቀዳዳዎቹን በዓይንዎ ተከትለው ሲዞሩ የሠራተኛውን መንገድ ከ700 ዓመት በኋላ ይከተሉታል። ካይርናርቮን ላይ ደግሞ የንጉሡ በር የተባለውን ይዩ። በዕቅዱ 5 መዝጊያዎችና ከላይ የሚወርዱ 6 የብረት ፍርግርጎች ነበሩት፤ የጣሪያው ቀዳዳዎች ደግሞ የገባውን ጠላት ከላይ ለመምታት ነበሩ። የግድግዳው ባለ ቀለም ድርድር ድንጋይና ማዕዘናማ ማማዎቹ የቁስጥንጥንያን ቅጥር እንዲያስታውሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥታዊ ግርማ ለማሳየት።

ጊዜ ካጠረ ኮንዊን ያስቀድሙ። 8 ማማዎቹ ቆመዋል፤ የከተማው ቅጥርም 1.3 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 21 ማማዎች ኖሮት ዛሬም ከተማዋን ከቧታል፤ አብዛኛው ላይ በእግር ይሄዱበታል። ለንጽጽር የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር ነው። በኮንዊ ደቡባዊ ቅጥር ላይ ወደ ውጭ የወጡ 12 ድንጋዮች ተደርድረው ያያሉ፤ መጸዳጃ ቤቶች ነበሩ። አራቱ ግንቦች በ1986 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ፋሲል ግቢ የተመዘገበው ቀደም ብሎ በ1979 ነው።

ሁለተኛው ምርጫችን ግን ከአራቱ አንዱ አይደለም። ላንቤሪስ ሐይቅ ዳር የቆመው ዶልባዳርን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዌልሱ ታላቁ ሌዌሊን ያሠራው አንድ ክብ ማማ ነው፤ መግቢያው ነጻ፣ ጎብኚው ጥቂት ነው። ዶልዊዜላንና ክሪኪየትም የዌልስ ልዑላን ሥራዎች ናቸው። ትንሽ ናቸው፤ ግን ያገሬው ሰው የገዛ ሸለቆውን በር የጠበቀባቸው እነዚህ ናቸው። የኤድዋርድን ግንቦች ብቻ አይቶ መመለስ ታሪኩን ከአሸናፊው አፍ ብቻ እንደመስማት ነው።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ወደዚያ ተራራ ጫፍ ባቡር ይወጣል ብላችኋል። የእኛ መስመር 1,000 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው፤ አቀበት ሲበዛበት ጎማው ይንሸራተት ነበር። ይህኛው እንዴት ይወጣዋል?

መልስ፦ አባታችን፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በጎማው ግጭት ቢታመን ኖሮ አይወጣም ነበር። የመስመሩ ስፋት 800 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሦስተኛ ጥርሳም ሐዲድ ተዘርግቷል። አብት በተባለው ስልት የተሠራ ነው፦ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ጎን ለጎን ሆነው የአንዱ ጥርስ ከሌላው ክፍተት ጋር እንዲገጥም ተደርጓል። ከባቡሩ ሥር ያለው ፒኞን የሚባለው ጥርሳም ጎማ ሁልጊዜ ቢያንስ በአንዱ ብረት ጥርስ ላይ እንደተነከሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ አይዘልም። በጣም በሚከብደው ቦታ 5.5 ሜትር በተጓዘ ቁጥር 1 ሜትር ይወጣል።

የእንፋሎት ሞተሮቹ የተሠሩት ስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ነው። ቦይለራቸው ወደ ፊት አጎንብሶ የተገጠመ ስለሆነ ሜዳ ላይ ሲቆሙ የተሰበሩ ይመስላሉ። እርስዎ ምክንያቱን ያውቁታል፤ አቀበቱ ላይ ውኃው ተስተካክሎ የእሳቱን ሳጥን ጣሪያ እንዲሸፍን ነው። ጣሪያው ከውኃ ከተራቆተ ይቃጠላል። ሞተሩ ዘወትር ከታች ሆኖ ፉርጎውን ይገፋል፤ ሲወርድም ከፊት ሆኖ ይይዘዋል። በመቀጣጠያ አልተሳሰሩም።

በተከፈተበት ቀን፣ በኤፕሪል 6 ቀን 1896፣ ቁልቁል የሚወርደው ሞተር ከጥርሱ ወጥቶ ገደል ገባ። ፉርጎዎቹ በፍሬናቸው ቆመው ተረፉ፤ ከፉርጎው የዘለለ አንድ ተሳፋሪ ግን ሞተ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከጥርሳም ሐዲዱ እንዳይነሳ የሚይዘው መንጠቆ መሰል ብረት ተጨመረ። ዛሬ ደርሶ መልሱ ጫፍ ላይ ካለው ግማሽ ሰዓት ጋር 2 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ትኬት ቀድሞ ይገዛ፤ ነፋስ ሲበረታም ባቡሩ ሦስት አራተኛው ላይ ክሎግዊን ከተባለው ጣቢያ እንደሚመለስ ይታወቅ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የቦታዎቹን ስም እንዴት ነው የሚጠሩት? ስኖዶኒያን ኤረሪ ማለታችሁስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር። በኖቬምበር 2022 የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር ኤረሪና ኧር ዊዝቫ በሚሉት የዌልስኛ ስሞች ለመጠቀም ወስኗል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በግዊኔዝ 64.4 ከመቶው ዌልስኛ እችላለሁ ብሏል፤ በመላው ዌልስ ግን 17.8 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በካይርናርቮን ገበያ የሚሰሙት ቋንቋ ለጎብኚ የሚታይ ጌጥ አይደለም፤ ዳቦ የሚገዛበት ነው። ይህን ቋንቋ ካቆዩት ነገሮች ዋናው በ1588 በዊልያም ሞርጋን ተተርጉሞ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ ይቀናዋል። «ዋይ» የተባለው ፊደል ከቃሉ መጨረሻ ክፍል በፊት ሲመጣ ልክ የእኛ ግዕዝ ድምፅ ነው፤ «ረ» እንደምንለው። ኤረሪ በፊደላችን ያለ ምንም ጉድለት የሚጻፈው ለዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ይበልጣል፦ በሰሜን ዌልስ «ዩ» የሚጠራው እንደ ሳድሳችን እንደ «እ» ነው። እንግሊዙ የሚሰብረውን የባሕር ዳር ከተማ ስም አማርኛ ተናጋሪ «ላንድድኖ» ብሎ ካነበበው ደርሶበታል። «ደብልዩ» ብዙ ጊዜ «ኡ» ነው። አንድ «ኤፍ» «ቭ» ሲሆን፣ ሁለት ሲሆኑ «ፍ» ይሆናሉ። አስፋልት ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚያዩት «አራቭ» ቀስ በል ማለት ነው። «ሲ» እና «ኤች» አንድ ላይ ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤትዎ የሚለው ጠንካራ «ኽ» ናቸው። ሁለት «ዲ» ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚባል ለስላሳ «ዝ» ነው።

የሚያስቸግረው ሁለት «ኤል» ነው። ምላስዎን «ል» ሊሉ እንዳሰቡ ያስቀምጡ፤ ድምፅ ሳያወጡ በምላስዎ ጎን አየር ይንፉ። እጅዎን ጉሮሮዎ ላይ ያድርጉ፤ ከነዘረ ተሳስተዋል። ብዙ ሰው «ክል» ወይም «ስል» ይላል፤ ምላሱ ከቦታው ስለሚነሳ ነው። እኛ በጽሑፍ «ል» ብለን አልፈናል። በንግግር ደግሞ ጫናው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ይውደቅ።

መንገደኛን የሚያደናግረው የቃሉ መጀመሪያ መለዋወጡ ነው። እኛ «ለባንጎር»፣ «በባንጎር» ስንል ቅጥያ እንጨምራለን እንጂ «ባ»ን አንነካም። እነሱ «ኢ ቫንጎር»፣ «ኧም ማንጎር» ይላሉ፤ ከተማው ግን ያው ባንጎር ነው። ኧር ዊዝቫም «ግዊዝቫ» ከሚለው ቃል «ግ» ወድቆበት የመጣ ነው፤ የመቃብር ጉብታ ማለት ነው። አፈ ታሪኩ ንጉሥ አርተር የገደለው ሪታ የተባለ ግዙፍ ሰው ከድንጋዩ ሥር ተቀብሯል ይላል።

ጥቂት ቃላት ካወቁ ካርታው ራሱ ይናገራል፦ ላን ቤተ ክርስቲያን፣ አበር የወንዝ አፍ፣ ሊን ሐይቅ፣ ካይር ምሽግ፣ ቡልኽ በር ወይም መሻገሪያ፣ ኧኒስ ደሴት፣ ኩም በበረዶ የተቦረቦረ ገንዳ መሰል ሸለቆ። ፔን ራስ ነው፤ እኛ ራስ ዳሽን እንደምንለው።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ አደባባይ)፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ ወፍ ትወዳለች። እዚያ ምን ታያለች? የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ ለልጅዎ አንድ ወፍ ብቻ እንምረጥላት ከተባልን ባለ ቀይ ምንቃሩን ቁራ እንመርጣለን። ጥቁር ላባው ያብረቀርቃል፤ ምንቃሩ ቀጭን፣ ቆልመም ያለና ደማቅ ቀይ ነው፤ እግሩም ቀይ ነው። በዌልስኛ ብራን ጎይስጎኽ ይሉታል፤ ቀይ እግር ቁራ ማለት ነው። ይህን ወፍ የመረጥነው የእኛም ስለሆነ ነው፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ይኖራል፤ ከሰሐራ በታች ያለው የዚህ ወፍ ዘር እሱ ብቻ ነው።

ምግቡ ከአፈር ውስጥ የሚለቀመው ትል፣ ጉንዳንና ጥንዚዛ ነው። ቆልማማው ምንቃር የሚገባው ሣሩ ከብትና በግ የጋጠው አጭር ሲሆን ነው። ግጦሹ ከቆመ ሣሩ ይረዝማል፣ ወፉ ምድሩን አያገኘውም፣ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ አገር እሱን ለመጠበቅ የሚደረገው አንዱ ሥራ ከብት በባሕር ዳር ገደሎች ላይ እንዲግጥ ማድረግ ነው። ጎጆውን ገደል ላይና በተተወ የስሌት ድንጋይ ማውጫ ውስጥ ይሠራል። በአንግልሲ ደሴት ኧኒስ ላውድ በሚባለው የመብራት ቤት አጠገብ ወይም በሊን ልሳነ ምድር ጫፍ ይፈልጉት። 8 በ42 የሚባለው መነጽር ለልጅ እጅ ይበቃል፤ ከዚያ የሚያጎላው ይንቀጠቀጥባታል።

ወሩን በተመለከተ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይሁን። በዚያው ኧኒስ ላውድ ገደል ላይ ምንቃረ ባለ ቀለሙ ፓፊን ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይቆያል፤ በነሐሴ ቢሄዱ ባሕር ገብቷል። በፖርትማዶግ አቅራቢያ በግላስሊን ወንዝ ከ2004 ጀምሮ አሣ አዳኙ ኦስፕሪ ይፈለፍላል፤ በመጋቢት መጥቶ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይመለሳል። ጎጆው በሩቅ ስለሆነ በተዘጋጀው ስፍራ በትልቅ መነጽር ይታያል።

በኩም ኢድዋል የበረዶ ዘመን ትቶት የሄደ የኧር ዊዝቫ አበባ የሚባል ትንሽ ነጭ ሊሊ አለ፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ያብባል። የሚበቅለው ወደ ሰሜን በዞረ እርጥብ ገደል ላይ ስለሆነ ከታች በመነጽር እንጂ ወጥታ እንዳትፈልገው። በተራሮቹ የምታያቸው ቀንዳም ፍየሎች ደግሞ ዋልያ አይደሉም፤ ከሰው እጅ ወጥተው ዱር የለመዱ የቤት ፍየሎች ናቸው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ በጾም ወቅት ብሄድ የምበላው አገኛለሁ?

መልስ፦ ያገኛሉ፤ ግን የሚጠይቁበትን ቃል ይጠንቀቁ። «ቬጂቴሪያን» ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፤ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አለበት። የሚፈልጉት «ቪጋን» የሚለውን ነው፤ በዌልስኛው ዝርዝር «ፊጋን» ተብሎ ይጻፋል። በየሻይ ቤቱ የሚሸጠው ትንሹ የዌልስ ኬክ ቅቤና እንቁላል አለው። ባራ ብሪት የተባለው የዘቢብ ዳቦም ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባበታል። ባራ ላውር ከባሕር አረም የተሠራ ስለሆነ ራሱ የጾም ነው፤ ነገር ግን በአሳማ ስብ መጥበስ የተለመደ ነውና በዘይት እንዲሆን ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከስታዲየም አካባቢ)፦ ለዌልስ የተለየ ቪዛ ያስፈልጋል? ከለንደንስ በምን ይኬዳል?

መልስ፦ የተለየ ቪዛ የለም፤ የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ዌልስንም ይሸፍናል። ከጉዞው 3 ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ውሳኔው በአብዛኛው በ3 ሳምንት ይሰጣል። የባንክ መግለጫ ላይ ከማመልከቻው በፊት በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሳል፤ ምንጩን የሚያሳይ ማስረጃ አብሮ ይግባ።

ከቦሌ ቀጥታ ወደ ለንደን ሂትሮው ይበራሉ። ከለንደን ዩስተን ጣቢያ ባንጎር በባቡር 3 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ አንዳንዱ ቀጥታ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ክሩ ወይም ቼስተር ላይ ያስለውጣል። ከባንጎር ወደ ካይርናርቮን ባቡር ስለሌለ በአውቶቡስ ይቀጥላሉ። ወደ ተራራው መንገድ መነሻዎች ሼርፓር ዊዝቫ የሚባለው አውቶቡስ ይሻላል፤ ፔን ኧ ፓስ መኪና ማቆሚያ በጉብኝት ወቅት ቀድሞ ካልተያዘ ቦታ የለም። ሃርሌኽና ፖርትማዶግ ያሉት በሌላ መስመር ላይ ነው፤ በበርሚንግሃምና በሽሩስበሪ በኩል የሚመጣው የባሕር ዳር ባቡር ያደርሳል።

ለኮንዊ አንድ ነገር ይያዙ። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ ባቡሩ የሚቆመው ከተጠየቀ ብቻ ነው። ሲሳፈሩ ለትኬት ተቆጣጣሪው እዚያ እንደሚወርዱ ይንገሩት፤ እንደ ታክሲያችን «ወራጅ አለ» ማለት ነው። ሲመለሱ ደግሞ መድረኩ ላይ በግልጽ ቆመው ለነጂው እጅዎን ይዘርጉ፤ ካላየዎት ያልፋል።